ነጩ የፈርነስ ቱቦ፦ የጭስ መውጫና የአየር መግቢያ አዘረጋግ ደረጃ በደረጃ

«ጭስ በፕላስቲክ ቱቦ? አይቀልጥም እንዴ?» አሮጌ ፈርነሱን (ቤት የሚያሞቀውን የጋዝ ማሽን) ሊቀይር የተነሳ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ቀጥሎ «ሁለት ቱቦ ለምን አስፈለገ?» ይመጣል፣ ከዚያ «እኔው ራሴ ልሥራው?»። ሚኒሶታም ሆነ ኮሎራዶ፣ ብርዱ ሲጀምር ጥያቄው አይቀርምና አንዴ ጽፌ ልገላገል።

አይቀልጥም፤ ግን ፈርነሱ ትክክለኛው ዓይነት ከሆነ ነው። ብቃታቸው 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆኑት ፈርነሶች ሁለተኛ የሙቀት መለዋወጫ አላቸው። ሙቀቱን አሟጥጠው ስለሚወስዱት በጭሱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃ ይቀየራል። የሚወጣው ጭስ ሞቅ ያለ ብቻ ስለሆነ ፒቪሲ (ነጩ የፕላስቲክ ቱቦ) ይችለዋል። 80 በመቶ የሚባሉት ግን ጭሳቸው የሚያቃጥል ነው፣ የሚፈልጉትም ድርብ ግድግዳ ያለው የብረት ቱቦ ነው። እነሱ ላይ ፒቪሲ ከተገጠመ ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል፣ መጋጠሚያው ይላቀቅና ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ውስጥ ይለቀቃል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ፈርነሱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። «ካቴጎሪ 4» ካለ የፕላስቲኩ ዓይነት ነው። «ካቴጎሪ 1» ካለ ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም።

የጋዝ መስመሩን እዚህ አንነካም። ጋዝ ማገናኘትና ግፊት ማስተካከል ፈቃድ ላለው ቴክኒሻን ይተው።

አንድ ነገር ያዙልኝ፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይመጣል። በዚህ ቱቦ ውስጥ ከጭሱ ጋር ውሃም ይሄዳል። ጭሱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ውሃው ወደ ፈርነሱ ይመለሳል። ክረምት ላይ «ፈርነሴ በየሰዓቱ ይጠፋል» ተብዬ ስሄድ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው መሄጃ አጥቶ ቱቦ ውስጥ የተኛ ውሃ ነው።

ቱቦ ከመግዛታችሁ በፊት

ለከተማችሁ የሕንፃ ፈቃድ ቢሮ ደውሉና ፐርሚት ጠይቁ። ብዙ ቦታ ሰው በሚኖርበት የራሱ ቤት ላይ መሥራት ይፈቀድለታል፣ የምታከራዩት ቤት ከሆነ ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሊጠየቅ ይችላል። ፐርሚት ገንዘብ ማባከን የሚመስለው ሰው አለ። በዚያ ገንዘብ ሥራችሁን የሚያይ ሁለተኛ ዓይን ታገኛላችሁ፣ ቤቱን ስትሸጡም ጣጣ አይኖርባችሁም።

ከፈርነሱ ጋር የመጣውን ማኑዋል አትጣሉት። እኔ እዚህ የምጽፋቸው ቁጥሮች የተለመዱት ናቸው። ማኑዋሉ ወይም የከተማችሁ ሕግ ሌላ ካለ የሚጸናው የእነሱ ነው፣ ኢንስፔክተሩም የሚያየው እሱን ነው።

አሁን ወደ ውሃ ማሞቂያው ሂዱና እዩት። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አሮጌው ፈርነስና የጋዝ ውሃ ማሞቂያው በአንድ የጭስ ማውጫ ሲጠቀሙ ኖረው ሊሆን ይችላል። ፈርነሱን በነጭ ቱቦ በግድግዳ ስታወጡት ውሃ ማሞቂያው በዚያ ሰፊ ጭስ ማውጫ ውስጥ ብቻውን ይቀራል። የእሱ ጭስ ትንሽ ስለሆነ ሰፊውን ጉድጓድ ማሞቅ አይችልም። ስለዚህ ጭሱ ቀዝቅዞ ጡቡን ያረጥበዋል፣ ሲብስም ወደ ቤት ይመለሳል። መፍትሔው ለውሃ ማሞቂያው ብቻ በልኩ የብረት ላይነር (ጭስ ማውጫው ውስጥ የሚገባ ጠበብ ያለ ቱቦ) ማስገባት ወይም ማሞቂያውን መቀየር ነው። ሁለቱም ወጪ አላቸው፣ አስቀድማችሁ በጀት ያዙ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ስኬጁል 40 የሆነ (የግድግዳው ውፍረት ደረጃ ነው) ፒቪሲ ቱቦ፣ 2 ወይም 3 ኢንች (ልኩን ደረጃ 1 ላይ እናወጣለን)። ካናዳ ያላችሁ ተራው ፒቪሲ አይፈቀድላችሁም፣ ለጭስ ተብሎ የጸደቀውን «ኤስ 636» የሚል ምልክት ያለውን ግዙ
- ሰፋ ብሎ የሚታጠፍ 90 ዲግሪ ኤልቦ (የቱቦ መታጠፊያ)፣ 45 ዲግሪ ኤልቦ፣ ቀጥታ መጋጠሚያ
- ሐምራዊ ፕራይመርና የፒቪሲ ማጣበቂያ
- የቱቦ ማንጠልጠያ፣ ጠርዙ የማይቆርጥ
- ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ ማርከር
- የፒቪሲ መጋዝ፣ ቢላ ወይም ብርጭቆ ወረቀት
- መሰርሰሪያና ክብ መቁረጫ፣ ግድግዳው ኮንክሪት ከሆነ የኮንክሪት መብሻ (ይከራያል)
- የውጭ ሲሊኮን
- ቱቦው በአቲክ ወይም በጋራዥ ካለፈ የቱቦ መሸፈኛ ስፖንጅ
- የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም
- የሳሙና ውሃ በመርጫ ጠርሙስ፣ አንድ ፍሬ ሰንደል

ሰንደሉ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታያላችሁ።

አሠራር

1. የቱቦውን ልክ አስሉ። ቱቦ ሲረዝም አየር ለመግፋት ይከብዳል፣ እያንዳንዱ ኤልቦም ጫና ይጨምራል። ብዙ ማኑዋሎች አንድ 90 ዲግሪ ኤልቦን እንደ 5 ጫማ ቱቦ፣ 45 ዲግሪውን ደግሞ እንደ 2 ጫማ ተኩል ይቆጥሩታል። ለምሳሌ 20 ጫማ ቀጥታ ቱቦ ከ4 ኤልቦ ጋር 40 ጫማ ሆኖ ይታሰባል። ይህን ቁጥር ከማኑዋሉ ሠንጠረዥ ጋር አስተያዩ። 2 ኢንች ካልበቃ ወደ 3 ኢንች ሂዱ። ዴንቨር ያላችሁ ከባሕር ወለል በላይ 5,280 ጫማ ላይ ናችሁ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ለከፍታ የተዘጋጀውን ሠንጠረዥ ተመልከቱ። ልኩ ከጠበበ የግፊት ስዊቹ (ፈርነሱ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ጠባቂ) አየር አልበቃም ብሎ ፈርነሱን ያጠፋዋል።

2. አየሩን ከውጭ አምጡ። አንዳንድ ፈርነስ በአንድ ቱቦ ጭሱን አውጥቶ የሚያቃጥልበትን አየር ከቤዝመንቱ እንዲወስድ ይፈቀድለታል። ሒሳቡ ግን ብዙ ጊዜ አይወጣም። የተለመደው መመሪያ ለእያንዳንዱ 1,000 ቢቲዩ (የማሞቂያ ኃይል መለኪያ) 50 ኪዩቢክ ጫማ ቦታ ይጠይቃል። 80,000 ቢቲዩ ፈርነስና 40,000 ቢቲዩ ውሃ ማሞቂያ አንድ ላይ 6,000 ኪዩቢክ ጫማ ይፈልጋሉ። ጣሪያው 8 ጫማ ከሆነ ይህ 750 ካሬ ጫማ ክፍት ቦታ ማለት ነው። ፈርነሱ የተቀመጠባት ጠባብ ክፍል አትደርስበትም። ሌላው ጉዳይ በረኪና ነው። ፈርነሱ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ከሆነ የበረኪናውን ክሎሪን አብሮ ይስብና እሳት ውስጥ ሲገባ አሲድ ይሆናል፣ የሙቀት መለዋወጫውንም ይበላዋል። ሁለተኛውን ቱቦ ዘርጉና ተገላገሉ።

3. የሚወጣበትን ቦታ ምረጡ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ አንዴ ግድግዳ ከተበሳ ወደ ኋላ የለም። ሜትር ይዛችሁ ወደ ውጭ ውጡና እነዚህን እዩ፦

- ሁለቱም አፎች በአንድ ግድግዳ በኩል ይውጡ። አንዱ በሰሜን፣ ሌላው በምሥራቅ ከሆነ ነፋስ ሲነሳ ግፊቱ ይለያይና ፈርነሱ ይጠፋል።
- በአካባቢያችሁ ከሚከመረው በረዶ ከፍታ በላይ ቢያንስ 12 ኢንች። ከመሬት ሳይሆን ከበረዶው ጫፍ ለኩ።
- ከሚከፈት መስኮትና በር፣ ለቤት ፈርነስ የተለመደው ቢያንስ 12 ኢንች ነው። አንዳንድ ከተማ ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ቦታ ካለ አርቁት።
- ከጋዝና ከመብራት ቆጣሪ ጎን ለጎን 4 ጫማ። የሚንጠባጠበው ውሃ የጋዙ መቆጣጠሪያ ላይ ከቀዘቀዘ አደጋ ነው።
- ሰው ከሚሄድበት መንገድ በላይ አይሁን። ውሃው ወርዶ መንገዱ ላይ በረዶ ይሆናል፣ ፖስታ የሚያመጣው ሰው ተንሸራቶ ይወድቃል።
- ከዴክ ሥር፣ ከቤቱ የውስጥ ማዕዘንና ከድራየር አፍ አጠገብ ራቁ። በታፈነ ቦታ ጭሱ ይከማችና መግቢያው መልሶ ይስበዋል።

4. ግድግዳውን ብሱ። «2 ኢንች» የሚባለው ቱቦ በውጭ በኩል 2 ኢንች ከሦስት ስምንተኛ ነው፣ የ3 ኢንቹ ደግሞ 3 ኢንች ተኩል። ቀዳዳው ከዚያ ትንሽ ይስፋ። ከመብሳታችሁ በፊት ከኋላ ሽቦ ወይም ቧንቧ አለመኖሩን አረጋግጡ። በትንሽ መሰርሰሪያ ከውስጥ ወደ ውጭ አንድ መሪ ቀዳዳ ብሱና ውጡ፣ ትክክለኛ ቦታ ላይ መሆኑን በዓይናችሁ አይታችሁ ከዚያ አስፉት።

5. ያለ ማጣበቂያ ገጣጥሙት፣ ተዳፋቱንም ስጡት። የሥራው ልብ ይህ ነው። የጭሱ ቱቦ ከፈርነሱ ተነስቶ ወደ ግድግዳው ከፍ እያለ ይሂድ፣ በየ1 ጫማው ሩብ ኢንች። 12 ጫማ ርቀት ካለ ግድግዳው ጋ የሚደርሰው ቱቦ ፈርነሱ ጋ ካለው 3 ኢንች ከፍ ይላል ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው ወደ ውጭ ዝቅ ያደርገዋል፣ ውሃው ውጭ ይውጣ ብሎ። ሚኒሶታ ጥር ላይ ይህን ካደረጋችሁ የቱቦው አፍ ላይ የበረዶ ጢም ይበቅላል፣ ቀስ በቀስም ቱቦውን ይደፍነዋል።

ተዳፋቱን በዓይን አትገምቱ። ባለ 2 ጫማ ውሃ ልክ ውሰዱ፣ በአንዱ ጫፍ ሥር ግማሽ ኢንች ውፍረት ያላት ቁራጭ እንጨት በቴፕ ለጥፉ። እንጨቷ ያለችበትን ጫፍ ወደ ፈርነሱ በኩል አድርጋችሁ ቱቦው ላይ አስቀምጡት። አረፋዋ መሐል ከቆመች ተዳፋታችሁ ልክ ነው። ወደ ግድግዳው በኩል ከሸሸች ከልኩ በላይ ከፍ ብሏል፣ ችግር የለውም። ወደ እንጨቷ በኩል ከመጣች ግን ተዳፋቱ አንሷል፣ በግድግዳው በኩል ያለውን ጫፍ ከፍ አድርጉት።

ማንጠልጠያውን ከ4 እስከ 5 ጫማ ባልበለጠ ርቀት አድርጉ። ፒቪሲ ሲሞቅ ይለሰልሳልና በሁለት ማንጠልጠያ መሐል ሆዱን ይጥላል። ሆዱን በጣለበት ቦታ ውሃ ይተኛል፣ ጭሱ በውሃው ላይ እየተንቦቀቦቀ ለማለፍ ይታገላል፣ ስዊቹም ፈርነሱን ያጠፋዋል። ማንጠልጠያው ቱቦውን አንቆ እንዳይዘው። ሲሞቅ ስለሚረዝም ትንሽ መንሸራተቻ ይፈልጋል፣ አለበለዚያ ሌሊት ሌሊት ሲንቋቋ ትሰማላችሁ።

የቱቦ ስፋት የምትቀይሩ ከሆነ ቀጥ ብሎ በቆመው ክፍል ላይ ቀይሩ። በተጋደመው ላይ ከሆነ ማጥበቢያው ደፍ ሆኖ ውሃ ይይዛል።

6. ምልክት አድርጉና ፍቱት። ሁሉም በቦታው ሲቀመጥ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ቱቦውንም ኤልቦውንም የሚያቋርጥ መስመር በማርከር አስምሩ። ማጣበቂያው ከተቀባ በኋላ የምታስቡበት ጊዜ የላችሁም፣ መስመሮቹን ማገናኘት ብቻ ነው።

7. ጠርዙን አጽዱ። የተቆረጠውን ጫፍ ከውስጥም ከውጭም በቢላ ላጩት። በውስጥ የቀረ ፍርፋሪ ውሃው ጠራርጎ ወደ ፈርነሱ ይወስደዋል፣ ፍሳሹን ወይም የስዊቹን ቀጭን ቱቦ ይደፍናል። መጋዙን ፈርነሱ አፍ ላይ አትጠቀሙ፣ ራቅ ብላችሁ ቁረጡ።

8. አጣብቁ። መስኮት ክፈቱ። ውሃ ማሞቂያውን ጨምሮ በአካባቢው ያለ እሳት ሁሉ ይጥፋ። የፕራይመሩና የማጣበቂያው ትነት እሳት ይይዛል፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ቱቦውንም ኤልቦውንም ፕራይመር ቀቡ፣ ቀጥሎ ሁለቱንም ማጣበቂያ ቀቡ፣ እስከ መጨረሻው አስገቡ፣ ሩብ ዙር አዙሩ፣ 30 ሰከንድ ያህል ይዛችሁ ቆዩ። ሐምራዊውን ፕራይመር የምንጠቀመው ኢንስፔክተሩ በዓይኑ እንዲያየው ነው። ከፈርነሱ ጀምራችሁ ወደ ውጭ ሂዱ። ፈርነሱ ላይ ያለው የጎማ መጋጠሚያ በክላምፕ ይጠበቃል እንጂ አይጣበቅም። የአየር መግቢያውም ፈርነሱ ጋ ሲደርስ ነገ ለጥገና እንዲወጣ ሳይጣበቅ ማኑዋሉ በሚለው መንገድ ይያዝ።

9. የውጩን ጫፍ ጨርሱ። የጭሱ አፍ ከመግቢያው ከፍ ይበል፣ 12 ኢንች የተለመደ ነው። መግቢያው በኤልቦ ወደ ታች ይመልከት፣ ዝናብና በረዶ እንዳይገባበት። መግቢያው ላይ ማኑዋሉ የሚፈቅደውን ሰፊ ወንፊት አድርጉ፣ ወፍና አይጥ ይወዱታል። የጭሱ አፍ ላይ ግን ከራሳችሁ ወንፊት አትጨምሩ፣ እርጥበቱ ወንፊቱ ላይ ይቀዘቅዝና ይዘጋዋል። በግድግዳውና በቱቦው መሐል ያለውን ክፍተት በሲሊኮን ድፈኑ።

10. ፍሳሹን አገናኙ፣ ሲፎኑንም (ጭስ እንዳያልፍ ውሃ የሚይዘውን የፍሳሽ መታጠፊያ) በውሃ ሙሉ። ከፈርነሱ የሚወጣው ውሃ አሲድነት አለው። በፕላስቲክ ቱቦ ይሂድ፣ በመዳብ አይሆንም። የወለሉ ፍሳሽ የብረት ከሆነ አሲዱን የሚያለዝብ የኖራ ድንጋይ ያለበት ማጣሪያ መሐል ላይ አስገቡ። ወደ ውጭ አታውጡት፣ ይቀዘቅዛል። ፈርነሱን ከማስነሳታችሁ በፊት ሲፎኑ ውስጥ ውሃ አፍስሱ። ደረቅ ከሆነ ጭሱ በፍሳሹ በኩል ቤት ይገባል።

11. ፈትሹ። የማጣበቂያው ሽታ ጨርሶ ሳይወጣ አታስነሱ። ጣሳው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ጊዜ ጠብቁ፣ በብርድ ጊዜው ይረዝማል። ካስነሳችሁ በኋላ የጭሱ ቱቦ መጋጠሚያዎች ላይ የሳሙና ውሃ ርጩ። ይህ ቱቦ ጭሱን በግፊት ስለሚያስወጣ የሚያፈስ መጋጠሚያ አረፋ ይሠራል። ካፈሰ ላዩ ላይ ሲሊኮን መለጠፍ የለም፣ ቆርጣችሁ እንደገና ሥሩ። 15 ደቂቃ ያህል ይሥራና ፍሳሹ ውሃ እያወጣ መሆኑን እዩ። ውሃ ካልወጣ የሆነ ቦታ ተኝቷል።

አሁን ሰንደሉ። በጭስ ማውጫ የቀረ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ካላችሁ በርና መስኮት ዝጉ፣ የወጥ ቤቱን አየር ማውጫና ድራየሩን አስነሱ፣ ሙቅ ውሃ ክፈቱና ማሞቂያው ለ5 ደቂቃ ይንደድ። የተለኮሰውን ሰንደል ማሞቂያው አናት ላይ ካለው ክፍት ቆብ ጠርዝ አስጠጉት። የሰንደሉ ጭስ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደህና ነው። ወደ ፊታችሁ ከተመለሰ ማሞቂያውን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። በመጨረሻም የፈርነሱን ጭስ በመሣሪያ የሚለካ ቴክኒሻን አስመጡ፣ ይህ በዓይን አይታይም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከሁሉ የበዛው የተዳፋት ነገር ነው፣ ብያለሁ። ሌላው የፈርነሱን ጭስ ከሌላ ዕቃ ጭስ ጋር በአንድ ቱቦ ማገናኘት ነው። የፈርነሱ ግፊት ጭሱን ገፍቶ በሌላኛው ዕቃ በኩል ቤት ያስገባዋል። አሮጌው የፈርነስ ቀዳዳ ጭስ ማውጫው ላይ ክፍት ሆኖ የቀረበት ቤትም አይቻለሁ፣ የውሃ ማሞቂያው ጭስ በዚያ በኩል ይመለሳል። በአቲክ የሚያልፍ ቱቦን ሳይሸፍኑ መተው ደግሞ መኸር ላይ ምንም አይልም፣ ብርዱ ሲጠና ግን ውሃው እዚያው ይቀዘቅዛል። የግፊት ስዊቹ ሲያስቸግር ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ ማለፍ የሚመክር ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ስዊቹ የሚያጠፋው ጭሱ መውጣት ስላልቻለ ነው።

ከተሠራ በኋላ

አላርሙን መኝታ ቤት አጠገብ ስቀሉ። ሚኒሶታ ውስጥ ሕጉ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ እንዲኖር ያዛል። በረዶ በጣለ ቁጥር ወደ ውጭ ወጥታችሁ የሁለቱን ቱቦ አፍ ጥረጉ። በረዶ መጥረጊያ ማሽኑ ወደዚያ በኩል እንዳይተፋ ለልጆቹም ንገሩ።

ቡና አፍልታችሁ ወይም ዕጣን አጭሳችሁ አላርሙ ከጮኸ «ዕጣኑ ነው» ብላችሁ ባትሪውን አታውጡ። የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፈርነሱ ጋር አንድ ነው፣ አላርሙም አልተሳሳተም። በክረምት ከሰል ቤት ውስጥ አይቀጣጠል፣ በኤሌክትሪክ ማጨሻ ተጠቀሙ። ሲጮህ ሰው ሁሉ ከቤት ይውጣ፣ ውጭ ሆናችሁ 911 ደውሉ፣ የእሳት አደጋ ሰዎች ለክተው ግቡ እስኪሏችሁ ድረስም አትመለሱ።